ማክሰኞ የሚያርፍ ባሕር፣ ሐሙስ የሚያርፍ ባሕር

አባቴ በሞተ በዓመቱ እናቴ ከሁለት ከተማ አንዱን እንድትመርጥ ተነገራት። ሁለቱም ባሕሩ አፍ ላይ የተቀመጡ፣ ከማዕበል ድምፅ በቀር ምንም የማይሰማባቸው ጸጥተኛ ከተሞች ናቸው። መንገደኛ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግረዋል። ለእኔ ግን፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ኤጉዋሴ ገነት ነበረች፣ ንሳኖ ደግሞ ሲኦል። ማን እንዲህ ብሎ ለየልሽ ካላችሁኝ ሆዴ ነው።

ኤጉዋሴ የአባቴ ከተማ ናት። እዚያ ባሕሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ያርፋል። ማክሰኞ ጀልባ ውሃ አይነካም፤ ወንዶቹ መረብ ይጠግናሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ማታ ሚስቶቻቸው ያስታርቋቸዋል። ንሳኖ ደግሞ የእናቴ ወገን አገር ናት፤ እዚያ ባሕሩ የሚያርፈው ሐሙስ ነው። ለምን ተለያየ ብትሉኝ አላውቅም፣ አያቶቻችንም አያውቁም። ብቻ በእኛ ጠረፍ የዕረፍት ቀን የሌለው ባሕር የለም። በዚያ ቀን ጀልባ አውጥቶ የተያዘ ሰው በግ ይቀጣል፣ ነውሩም ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

በእኛ በፋንቴዎች፣ በዚህ ጠረፍ ሕዝብ ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው። ሰው ሲሞት ቤቱና ጀልባው ለልጆቹ ሳይሆን ለእህቱ ልጅ ይሄዳል። ወራሹ ከፈለገ መበለቲቱን ያገባል፤ እሷም ከፈለገች እሺ ትላለች፣ ካልፈለገች ልጆቿን ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ትመለሳለች። በዓመቱ ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ስትለብስ ሁለቱም ወገን ነጭ ጨርቅ ያመጡላታል። የማንን ጨርቅ ለብሳ ከጓዳ እንደወጣች ታይቶ ነገሩ ያልቃል። ንግግር የለ፣ ክርክር የለ።

የአባቴ ወራሽ የአክስቴ የእትዬ ኤሳባ ልጅ፣ ጋሼ ኩዋንሳ ነው። አቤት እሱን ስወደው! የመንደሩን ሰው ሁሉ አረማመድ እየቀዳ ያሳየናል። ቄሱን፣ የመረብ አለቃውን፣ ሁለት ብርጭቆ የቀመሰችውን ጎረቤታችንን። እኔና ታናሽ ወንድሜ ኤቦ ሆዳችንን ይዘን መሬት ላይ እንንከባለላለን። ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጣፋጭ ዳቦ ይይዛል፣ ከኪሱ ከረሜላ አይጠፋም። የጎረቤታችን የኤፉዋ ልጅ ፊፊ እንኳ ድምፁን ሲሰማ አጥር ዘልሎ ይመጣ ነበር። ፊፊ የኔ እኩያ ነው፤ አባቱ ጥሏቸው ሄዷል፣ ከእሱ በታች አራት ልጆች አሉ። ስለዚህ ዳቦው ሲቆረስ ጋሼ ኩዋንሳ ለእሱም ያካፍለው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እያለ ምርጫ ምን ያስፈልጋል?

ንሳኖን ለማየት አንድ ሐሙስ ሄድን። በባሕሩ ዳር ለዳር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የእናቴ ወንድም ኤጂር ጀልባ ጠራቢ ነው፤ ረዥም፣ ደረቅ፣ አንድ ዓይኑን ፍንጣሪ እንጨት ያጠፋበት ሰው። ዳቦ የለ፣ ከረሜላ የለ። እግራችን እንደገባ የኤቦን እጅ ይዞ ገልብጦ ገልብጦ አየው።

«ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል?»

«አባቱ ከሞተ ወዲህ አልፎ አልፎ» አለች እናቴ።

«እዚህ ቤት አልፎ አልፎ የሚባል ነገር የለም። ይማራል፤ አለዚያ እራት የለም። ልጅቷም እንደዚያው።»

ኤቦ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እራት የለም የሚለውን ብቻ ሰምቶ አለቀሰ። እኔም ይህ ሰው በረሃብ ሊፈጀን ነው ብዬ ደመደምኩ። ኤቦ ዛሬ ርእሰ መምህር ነው፣ መላጣም ሆኗል፤ አጎቴን በክፉ የሚያነሳ ሰው ፊቱ ቢገኝ አይለቀውም። ያን ቀን ግን ቀሚሴን እየጎተተ «እንሂድ፣ እንሂድ» ሲለኝ ዋለ።

ስንወጣ አጎቴ እናቴን እንዲህ አላት፤ «አራባ፣ እኔ አልለምንሽም። በሩ ክፍት ነው። ጣሪያውም ክፍት ነው፣ እንዳየሽው። ከመጣሽ እንጠግነዋለን።»

በመንገድ ላይ «ቤቱ ያፈሳል» አልኳት።

«ምድጃም የለም» አለች።

ደስ አለኝ። እናቴ በኤጉዋሴ ሦስት የዓሣ ማጨሻ ምድጃ ነበራት፤ ጭቃውን ከአባቴ ጋር ረግጣ፣ በእጇ ለስና የሠራቻቸው። ከደጋው አገር ነጋዴዎች በስሟ ጠይቀው ይመጣሉ። ያንን ትታ ከዜሮ የምትጀምር ሴት የለችም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይል ነበር። እሷም ሆዷ ወደ ኤጉዋሴ ነበር። ኋላ ራሷ ነግራኛለች፤ «ኩዋንሳን ልወደው ባልችልም አብሬው ልኖር እችል ነበር» ብላ።

ጨርቁ ሊለበስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጋሼ ኩዋንሳ እንግዳ ይዞ መጣ። ታዊያ ይባላል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጫማው ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ሰውዬ። «ወዳጄ ነው» አለ ጋሼ ኩዋንሳ፣ «ከምዕራብ በኩል፣ ከአክሲም ማዶ። የባሕር ሰው ነው እንደ እኛው። ጀልባ አለው፣ ልጅ ግን እግዚአብሔር አልሰጠውም። ኤቦን እንደ ልጁ ያሳድገዋል፣ ያስተምረዋል። አንቺም ትቀልያለሽ።»

እናቴ ዓሣ ትገለብጣለች። ልጅን ለዘመድ፣ ለወዳጅ ማሳደጊያ መስጠት በእኛ አገር ነውር አይደለም። እሷም ያደገችው በአክስቷ ቤት ነው። ስለዚህ አልደነገጠችም፤ ጢሱን ከዓይኗ እየጠረገች «እስቲ እናስብበት» አለች።

ታዊያ ከእኛ ጋር ጨዋታ ጀመረ። ትልቁን ሳፋ ውሃ አስሞልቶ «በሉ፣ ራሱን ነክሮ ብዙ የቆየ ከረሜላ አለው!» አለን። እሪ ብለን ተሻማን። እኔ ቶሎ ወጣሁ፤ ውሃው አፍንጫዬ ገባብኝ። ኤቦ ግን ቆየ፣ ቆየ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ቆየ። ፊፊማ የሞተ መሰለኝ። ሲወጣ ውሃውን እየተፋ ይስቃል። ታዊያ አጨበጨበ። ከዚያ የኤቦን ደረት በመዳፉ ደለቅ ደለቅ አድርጎ ወደ ጋሼ ኩዋንሳ ዞረና «ትንሽ ነው፣ ግን ሳንባ አለው» አለ። ቀጥሎ ፊፊን አየው። «ይህስ የማን ነው?»

በቅናት አረርኩ። እኔን ማንም ደረቴን አልነካኝም።

እናቴ ከምድጃው ተነስታ ከቦካ የበቆሎ ሊጥ የተቀቀለ ኬንኬና የሚያቃጥል በርበሬ፣ ከላዩም ትኩስ ዓሣ አቀረበችለት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አጠገቡ ቆመች።

«ይብሉ እንጂ፣ ምነው አልበሉም» አለችው። «በእናንተ አገር ባሕሩ የሚያርፈው መቼ ነው? ልጄን ለማየት ስመጣ ቀኑን ልወቅ ብዬ ነው። ሰው ቤቱ የሚገኘው በዕረፍቱ ቀን አይደል?»

«ዕረፍት?» ታዊያ ሳቀና እሾህ ከአፉ አወጣ። «እኛ ጋ ውሃው አያርፍም፣ እመቤቴ። ከሰኞ እስከ ሰኞ ሥራ ነው!»

ጋሼ ኩዋንሳ ሳል ያዘው። «ዓሣው ብዙ ነው ለማለት ነው… በረከቱን ነው የሚናገረው» አለ።

«እሰይ» አለች እናቴ። «የታደለ አገር ነው።» ከድስቱ ሌላ ዓሣ አውጥታ ጨመረችለት። መረቁ ግን የሚያብረቀርቀው ጫማ ላይ ፈሰሰና ይቅርታ ጠየቀች።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የማያርፍ ባሕር! በየቀኑ ዓሣ ማለት እኮ ነው! ኤቦ እንዴት ያለ ዕድለኛ ነው፣ ምን አለ እኔ ወንድ ብሆን ኖሮ አልኩ።

የገባኝ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ እናቴ በቁጭት ስትነግረኝ ነው። በእኛ ጠረፍ ሰካራም እንኳ የባሕሩን ቀን አይስትም፤ ስምህ ማነው ተብሎ እንደመጠየቅ ነው። ቀን የሌለው ውሃ ባሕር አይደለም። ታዊያ የመጣው ከምዕራብ ሳይሆን ከትልቁ ሐይቅ፣ ከቮልታ ነበር። ያ ሐይቅ ግድብ ሲሠራ ጫካ የዋጠ ነው። ዛፎቹ ከነቅርንጫፋቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ቀርተዋል፤ መረብ ሲጥሉ እነሱ ላይ ይጠመጠማል። ጠልቆ የሚፈታው ትንሽ እጅና ጥሩ ትንፋሽ ያለው ልጅ ነው። ከሄዱት የሚመለሱት ጥቂት ናቸው፤ የሚመለሱትም አይናገሩም። ጋሼ ኩዋንሳ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር እላለሁ፣ ደግሞ ያን ሳቁን አስታውስና እጠራጠራለሁ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ኤቦ ታመመ። እናቴ ፊቱን ነጭ አፈር ቀብታ፣ ግንባሩ ላይ ቅጠል አስራ፣ ጓዳ አስተኛችው። እኔን በሩ ላይ አስቀምጣ «ማንም እንዳይገባ፣ በሽታው ይጋባል በዪ» አለችኝ። የሳፋው ውሃ ነው ያሳመመው ብዬ እኔም ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። ግን አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ከብርድ ልብሱ ሥር የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ኤቦም ያኝካል። የታመመ ሰው እንዲህ ከተሞላቀቀ እኔም ልታመም ብዬ ተኛሁ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋ አስነሳችኝ።

አርብ ጠዋት ጋሼ ኩዋንሳ ከታዊያ ጋር መጣ። ይዘዋት የመጡት የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆማ ትንተከተካለች። «ይጋባል!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ኩዋንሳ ጸጉሬን አሻሽቶ አለፈ። የኤቦ ግንባር ላይ የታሰረውን ቅጠል አንስቶ የእጁን ጀርባ አስደገፈው።

«አራባ፣ ይህ ልጅ ትኩሳት የለውም።»

«ትኩሳቱ ማታ ማታ ነው።»

«መኪና ላይ ነፋስ ሲያገኝ ይለቀዋል። ተነስ ኤቦ፣ ጎበዝ!» ብሎ ክንዱን ያዘው። እየሳቀ ነበር። እናቴ ሌላውን ክንድ ያዘች። እሷ አትስቅም። ኤቦ በሁለቱ መሐል ተወጥሮ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል።

«እኔ አልከለከልኩም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ግቢው ውስጥ እትዬ ኤሳባ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትፈለፍል ነበር። «ግን የበኩር ወንድ ልጅ እናቱ ጥቁሩን ስታወልቅ ዓይኑ ካላየ፣ የሟቹ መንፈስ ልጁን ተከትሎ ይሄዳል። ነገ እኮ ነው። ነገ ይየኝና ከዚያ ይውሰዱት።»

ጋሼ ኩዋንሳ ክንዱን አልለቀቀም። «ይህን ደግሞ የት ነው የሰማሽው?»

እናቴ የኤቦን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከበሩ ላይ ሆኜ እትዬ ኤሳባን አየኋት። ልጇን አየች። ታዊያን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ የተፈለፈለውን ኦቾሎኒ እፍ እፍ ብላ ገለባውን አበነነች።

«እውነቷን ነው» አለች። «ልጁ ነገ መታየት አለበት። ከዚያ በፊት ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አይልም።»

«እማዬ—»

«አልኩ እኮ! የወንድሜን መንፈስ ሲንከራተት ልታየው ትፈልጋለህ?»

ክንዱን ለቀቀ። እኔ በእናቴ ተናደድኩ፤ የማይረባ የሽማግሌ ወግ አምጥታ የኤቦን ዕድል አዘገየችበት ብዬ።

ቆይቼ በሁለቱም ከተማ አዛውንቶችን ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ ወግ የለም። ኖሮም አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም «ይህን ያለሽ ሰው ብልጥ ነው» ብለው ሳቁ። እናቴ እዚያው በቆመችበት የፈጠረችው ነው። እትዬ ኤሳባ ደግሞ የቤቱ ትልቅ ሴት ነበረች፤ የቀብሩንም የሐዘኑንም ደንብ የምታስተምር እሷ ናት። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ስለዚያች ቀን እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ቅዳሜ ሁለቱ ጨርቆች አልጋው ላይ ተዘረጉ። የጋሼ ኩዋንሳ ነጭ ላይ ነጭ አበባ የተጠለፈበት፣ የሚያንሸራትት ነው። የአጎቴ ተራ አቡጀዲ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚሸት። አበባውን በጣቴ ዳሰስኩት።

«እማዬ፣ ይህን ልበሺ። ሙሽራ ትመስያለሽ።»

«ውጪ ጠብቂኝ» አለችኝ።

ውጪ ሰው ሞልቷል። ጋሼ ኩዋንሳ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ ይስቃል። አጎቴ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ በአንድ ዓይኑ መሬቱን ያያል። ታዊያ ከመኪናው ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል። ኤቦን ከፊት አቆሙት፣ ዓይኑ እንዲያይ። አበባውን፣ አበባውን እላለሁ በልቤ።

እናቴ አቡጀዲውን ለብሳ ወጣች።

ጋሼ ኩዋንሳ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ፣ ምድጃዎቿስ?» አለች።

«ምድጃ በጀርባ አይታዘል። ተዋት» አለች እትዬ ኤሳባ።

ጋሼ ኩዋንሳ ብድግ አለ። «እሺ፣ እሷ ትሂድ። የልጁ ነገር ግን ቃል ተገብቶበታል። እኔ እንደ አባቱ ነኝ!»

አጎቴ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ልጁ የማን ወገን ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ። መልሱን የማያውቅ አልነበረም። ሄዶ ኤቦን አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠው። ታዊያም ለዚህ ሰው ጉልበት የሚበቃ ሳቅ አልነበረውም፤ ከበሩ ገለል አለ።

እኔ አፈር ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። ዳቦው፣ ባሕሩ፣ ፊፊ፣ ሁሉም ሊቀርብኝ ነው። እናቴ ግን አላባበለችኝም፤ በአጥሩ ዞራ ኤፉዋ ቤት ገባች። ተከትዬ ግድግዳው ሥር ቆምኩ።

«አትስጪው፣ ኤፉዋ። በአባትሽ አጥንት። ያ ውሃ ባሕር አይደለም።»

«ያንቺው ሲቀር የኔው አማረሽ?» ኤፉዋ እያለቀሰች ይመስለኛል፤ ወይ እየሳቀች። «አንቺ ወንድም አለሽ፣ የምትመርጪው ሁለት ከተማ አለሽ። እኔ አምስት ልጅ አለኝ። ምኑን ልምረጥ?»

«እኔ ጋ ይምጣ። ከኤቦ ጋር ይብላ።»

«በሚያፈስ ቤት?»

እናቴ ስትወጣ ፊቷ ያስፈራ ነበር። የፊፊን ዕድል ልታበላሽ ሄዳ አፈረች ብዬ ነው ያሰብኩት።

አጎቴ ፍራሹን ተሸክሞ ቀደመን። እኛ በትልቁ መንገድ፣ እናቴ ድስቶቻችንን በሳፋ ራሷ ላይ፣ እኔና ኤቦ ከኋላዋ። ከተማዋ ከዓይናችን ሳትርቅ መኪናዋ ከኋላ መጣች። አቧራውን ሸሽተን ዳር ያዝን። ከላይ፣ ከጆንያዎቹ መሐል፣ ፊፊ ተቀምጧል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። በአንድ እጁ ዳቦ ይገምጣል፣ ሌላውን እጁን ያወዛውዝልናል። «ኤኩዋ! ኤኩዋ!» እያለ ስሜን ይጠራል። ከዚያ ቀን በኋላ ፊፊን እኔም እናቱም አላየነውም።

እናቴ ሳፋውን ወረወረችው። ድስቶቹ መንገዱ ላይ ተንከባለሉ። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ መኪናዋን ተከትላ ሮጠች፤ ያን የሚያክል ሩጫ ከእሷ አይቼ አላውቅም። «ውረድ! ፊፊ ዝለል! ዝለል ልጄ!» ትላለች፤ እኔ ግን በሞተሩ ጩኸት መሐል «ቁም፣ ቁም» ያለች ነው የመሰለኝ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ተጸጸተች! ኤቦን መኪናዋ ላይ ልታሳፍረው ነው! ጀርባውን ገፋሁት፤ «ሩጥ ኤቦ፣ ላንተ እኮ ነው የምታስቆመው፣ ሩጥ!»

መኪናዋ ግን አልቆመችም። ኩርባውን ዞረች፣ አቧራው ቀረ። እናቴ መንገዱ መሐል በጉልበቷ ተንበርክካ አገኘናት፤ አዲሱ አቡጀዲ በአቧራ ጠቁሯል፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። አሳዘነችኝ። ቂሜን ሁሉ ረስቼ አንገቷን አቀፍኩ።

«አታልቅሺ፣ እማዬ» አልኳት። «ሌላ መኪና ይመጣል።»